ጥልቅ ውሃ መሃል የቆመ ባስ፦ ስክሪን ላይ እየታየ ለምን አይነካም?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አትላንታ አካባቢ ነው። ቅዳሜና እሑድ ላኒየር ሐይቅ ላይ በትንሽ ጀልባዬ ባስ የሚባለውን ዓሣ አጠምዳለሁ። በማለዳ ዳር ዳሩን ጥቂት እይዛለሁ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ምንም የለም። በድምፅ ሞገድ ከውሃው በታች ያለውን የሚያሳየው ሶናሬ ላይ ዓሣ አያለሁ። ውሃው 60 ጫማ ጥልቀት አለው፣ ዓሦቹ 25 እና 30 ጫማ ላይ ቆመዋል። ታች ድረስ ብጥል አይነኩም፤ ወርውሬ ብጎትትም አይነኩም። ዓሣውን እንደ ቪዲዮ እዚያው በዚያው የሚያሳየው ውዱ ሶናር፣ ላይቭ ስኮፕ የሚሉት፣ የለኝም። ያለ እሱ ይሄን ዓሣ መያዝ ይቻላል?»

ይቻላል ወንድሜ። ላይቭ ስኮፕ ገበያ ላይ የወጣው በ2018 ነው። ላኒየር ላይ ውሃ መሃል የቆመ ባስ ግን ከዚያ በፊትም ለብዙ ዓመታት ሲያዝ ኖሯል። ያለህ ተራ ሶናር ይበቃሃል። አሁን የሚያስፈልግህ ማጥመጃህ በየትኛው ጥልቀት ላይ እንዳለ በእርግጠኝነት ማወቅ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

«ታች ድረስ ብጥል አይነኩም» ያልከውን ልብ በል። ዓሣው 25 ጫማ ላይ ነው፣ ታቹ ደግሞ 60 ጫማ። ስለዚህ ማጥመጃህ ያረፈው ከዓሣው 35 ጫማ በታች ነው። በዓሣው ፊት የቆየው እየወረደ ሲያልፍ ብቻ ነው። ባስ ደግሞ የሚያድነው በአብዛኛው ወደ ፊትና ወደ ላይ እያየ ነው። ትንንሽ ዓሦች ከላይ በሚመጣው ብርሃን ላይ ጥላቸው ሲታየው ከሥር ተነስቶ ይመታቸዋል። ከሆዱ በታች ወዳለው ነገር ወርዶ መብላት የሚወደው ታች መሬት ላይ ሲቀመጥ ነው እንጂ ውሃ መሃል ሲቆም አይደለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ይህን አስብ፦ ከዓሣው ሦስት ጫማ ከፍ ብሎ ያለፈ ማጥመጃ ዕድል አለው። ከዓሣው አንድ ጫማ ዝቅ ብሎ ያለፈ ግን ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታይም።

ለምን እዚያ እንደቆመ ከገባህ የት እንደምትፈልገውም ይገባሃል። ላኒየር የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። በ1950ዎቹ የቢውፎርድ ግድብ ሲሠራ የቻታሁቺና የቸስታቲ ወንዞች ሸለቆ በውሃ ተሞላ። ከውሃው በታች ያለው እንግዲህ ኮረብታ፣ ሸለቆና የድሮ ወንዝ መውረጃ ነው። በጥልቁ ክፍል ሳይቆረጡ የቀሩ ዛፎች ዛሬም ቆመዋል። በተለይ ወደ ግድቡ በኩል ውሃው ጥርት ያለ ነው። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ደግሞ ባስ ከሩቅ ያያል። ለዚህ ነው 25 ጫማ ላይ የቆመ ዓሣ እስከ ውሃው ገጽ ድረስ ተወርውሮ ሊመታልህ የሚችለው። ውሃው ጭቃማ በሆነ ሐይቅ ይህ አይታሰብም።

እዚያ በብዛት የምታገኘው ባስ ሁሉም «ስፖት» የሚለው ነው። ሳይንቲስቶች ከ2008 ጀምሮ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው አላባማ ባስ ይሉታል። በማለዳ ዳር ላይ የምትይዘው ሌላው የባስ ዓይነት፣ ላርጅማውዝ፣ ግንድ፣ ሣርና የጀልባ ማቆሚያ ጥላ ይወዳል። ስፖት ግን መጠለያ ባይኖርም ግድ የለውም። ምግቡ ወደሄደበት ይሄዳል። ምግቡ ደግሞ ብሉባክ ሄሪንግ ነው። ቀጭን፣ ጎኑ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ዓሣ ነው። የትውልድ ቦታው የአትላንቲክ ጠረፍ ነው፤ ከባሕር ወደ ወንዝ ወጥቶ ይራባል። ላኒየር ውስጥ ያስገባው ሰው ነው። ሄሪንግ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቀኑን ሙሉ ክፍት ውሃ ላይ በመንጋ ይዞራል፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይፈልጋል። ሄሪንግ የገባበት ሐይቅ ውስጥ የባሱ ጠባይም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ «ዓሣው ለምን ዳሩን ትቶ ሄደ?» ብለህ አትጨነቅ። እራቱን ተከትሎ ነው የሄደው።

ሌላው ምክንያት ሙቀት ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ የሐይቁ የላይኛው ውሃ እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። ታችኛው ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን ከላይኛው ጋር ስለማይቀላቀል አዲስ ኦክስጅን አያገኝም። ሰመሩ እየገፋ ሲሄድ ታች ያለው ኦክስጅን ይመናመናል። በሁለቱ መካከል ሙቀቱ በፍጥነት የሚቀንስበት ንብርብር አለ፣ ቴርሞክላይን ይባላል። ባሱም ሄሪንጉም ከዚያ ንብርብር በላይ ወይም እዚያው ላይ ይሰበሰባሉ። የሶናርህን ሴንሲቲቪቲ (ትንንሹን ነገር የማሳየት አቅሙን) ከፍ አድርገህ ቀስ ብለህ ጥልቅ ውሃ ላይ ንዳ። ስክሪኑን አግድም የሚያቋርጥ ጉም የመሰለ መስመር ካየህ እሱ ነው። ሰመሩ መጨረሻ ላይ ከሱ በታች ጊዜህን አታጥፋ። መስመሩ 30 ጫማ ላይ ከሆነ 60 ጫማ ያለው ውሃ ለዓሣው 30 ጫማ ብቻ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስክሪኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በተራ ሶናር ላይ «አሁን» የሚባለው የስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ብቻ ነው። ወደ ግራ የሚሄደው ሁሉ ያለፈ ነው። ስክሪኑ መሃል ላይ ዓሣ አይተህ ጀልባዋን አቁመህ ብትጥል፣ ዓሣውን ምናልባት 20 ሜትር ወደ ኋላ ትተኸዋል። ሌላው የሶናሩ ጨረር እየወረደ ሲሄድ እየሰፋ መሄዱ ነው። ብዙ ሶናሮች በሚጠቀሙበት 20 ዲግሪ ጨረር ብናሰላ፣ 30 ጫማ ላይ የሚያየው ክብ ስፋቱ ከ10 ጫማ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ «ልክ ከሥሬ ነው» ያልከው ዓሣ አምስት ጫማ ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። ዓሣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንደ ቅስት ነው፤ ረጅም ቅስት ስላየህም ትልቅ ዓሣ ነው አትበል። ጀልባዋ ቀስ ስትል ወይም ዓሣው ጨረሩ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ቅስቱ ይረዝማል። ከርዝመቱ ይልቅ ውፍረቱን እይ።

ያየኸው ባስ ላይሆንም ይችላል። የጆርጂያ ግዛት ላኒየር ውስጥ ስትራይፐር የሚባል ሌላ ዓሣ ታስገባለች፤ እሱም ሄሪንግ ነው የሚያሳድደው። ስትራይፐር ብዙ ሆኖ፣ በተለያየ ጥልቀት ተበታትኖ፣ እየተጓዘ ያልፋል። ስክሪኑን ሞልቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ባዶ ያደርገዋል። ስፖት ቁጥሩ አነስ ይላል፣ በአንድ ጥልቀት ላይ ሰብሰብ ይላል፣ ብዙ ጊዜም አቅራቢያው የሆነ ነገር አለ። የሰመጠ ዛፍ ጫፍ፣ አጥማጆች ያሰመጡት ቁጥቋጦ፣ ወይም ወደ ሐይቁ ሾልኮ የገባ የመሬት አፍንጫ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ውሃው 60 ጫማ ሆኖ ዛፎቹ ወደ 35 ጫማ የሚደርሱ ከሆነ፣ 25 እና 30 ጫማ ላይ የቆሙት ዓሦችህ ከዛፎቹ አናት በላይ ነው ያሉት። ለእነሱ መሬቱ የዛፉ አናት ነው። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት የምፈልገው ይህን ነው። ምንም በሌለበት ባዶ ውሃ ላይ ብቻውን የቆመ ዓሣ፣ አጠገቡ የሄሪንግ መንጋ ከሌለ፣ አልፈዋለሁ። መንጋው ካለ ግን እቆማለሁ።

ጥልቀት ያለ ውድ መሣሪያ እንዴት ይለካል? ሦስት መንገድ አለ፣ ሦስቱንም ቤትህ ሳለህ አዘጋጃቸው።

የመጀመሪያው ክሩን ምልክት ማድረግ ነው። ውሃ በማያስለቅቀው ጥቁር ማርከር ክርህ ላይ 20፣ 25 እና 30 ጫማ ላይ ምልክት አድርግ። 25 ጫማ ላይ ማቆም ስትፈልግ ምልክቱ ዘንጉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሪሉን (የክሩን ማጠንጠኛ) ትዘጋለህ። እሱም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ይለቃልና በየጊዜው አድስ።

ሁለተኛው የሪሉ ዙር ነው። የሪልህ ሳጥን ወይም ማኑዋል ላይ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት ኢንች እንደሚሰበስብ ተጽፏል። 30 ኢንች ነው እንበል፤ ሁለት ጫማ ተኩል ማለት ነው። 60 ጫማ ላይ ታች አስነክተህ 14 ጊዜ ብታዞር 35 ጫማ ትሰበስባለህ፤ ማጥመጃህ 25 ጫማ ላይ ይቆማል። ይህን የምታደርገው ከዓሦቹ ፈንጠር ብለህ ነው። በላያቸው ላይ እያሳለፍክ ካወረድክባቸው ይደነግጣሉ። አስተካክለህ ካቆምክ በኋላ ጀልባዋን በቀስታ ወደ እነሱ ታስጠጋለህ።

ሦስተኛው መቁጠር ነው፤ ይህ ወርውረህ ለምትጎትተው ማጥመጃ ነው። ጥልቀቱን በምታውቀው ቦታ ማጥመጃህን ከጀልባዋ አጠገብ ልቀቀውና ታች እስኪነካ ሴኮንድ ቁጠር። 30 ጫማ ለመውረድ 20 ሴኮንድ ከፈጀ በሴኮንድ አንድ ተኩል ጫማ ይወርዳል ማለት ነው። 24 ጫማ ላይ ማሳለፍ ከፈለግህ 16 ቆጥረህ መጎተት ትጀምራለህ። ክብደቱን፣ ክሩን ወይም ፕላስቲኩን ስትለውጥ እንደገና ቁጠር፤ ወፍራም ክር አወራረዱን በጣም ያዘገየዋል። ነፋስ ሲኖር ደግሞ ተጠንቀቅ። ክርህ በ45 ዲግሪ ካዘመመ 30 ጫማ ክር የሚያወርድህ 21 ጫማ ብቻ ነው። ቀጥ አድርጎ ለመቆም ክብደት ጨምር ወይም ጀልባዋን ወደ ነፋሱ አዙር።

አያያዙን በተመለከተ፣ ላኒየር ላይ ለሰመር የምመርጠው መጀመሪያ ከላይ መሞከር ነው። ብዙ ሰው ዓሣው 25 ጫማ ላይ መሆኑን ሲያይ የውሃው ገጽ ላይ የሚሄደውን ማጥመጃ ወደ ሳጥኑ ይመልሳል። ስፖት ግን ሄሪንግ የሚበላው ወደ ውሃው ገጽ እየገፋ አጥሮ ነው። ወደ ላይ ማየትና ወደ ላይ መሮጥ የዘወትር ሥራው ነው። ግራ ቀኝ እያለ የሚሄደውን፣ የሲጋር ቅርጽ ያለውን ቶፕዋተር ያዝ። ከዛፎቹ ወይም ከቁጥቋጦው 25 ወይም 30 ሜትር ርቀህ ቁም፣ ሞተርህን አጥፋ፣ ትሮሊንግ ሞተሩን (ትንሹን የኤሌክትሪክ ሞተር) ደግሞ ፍጥነቱን ዝቅ አድርግ። ዓሣው ካለበት አሳልፈህ ወርውር፣ በላዩም ላይ ሳታቋርጥ አምጣው። ጥርት ባለ ውሃ ፍጥነቱን ቸኮል ማድረግ ይሻላል፤ ዓሣው ለማየት ጊዜ ባገኘ ቁጥር ጥርጣሬው ይጨምራል። አምስት ስድስት ጊዜ ወርውረህ ምንም ካልመጣ ወደሚቀጥለው ቦታ ሂድ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ተመለስ። መንጋው ሲመጣ ያው ቦታ ሌላ ይሆናል።

ጠዋት ብቻ ነው የሚሠራው ብለህ ግን እንዳትተወው። ሄሪንግ ባለበት ሐይቅ ፀሐይ ደመቅ ብላ ነፋሱ ውሃውን ትንሽ ሲያንቀሳቅሰው፣ እኩለ ቀን ላይ ጭምር ጥሩ ይሆናል። ውሃው መስታወት ከሆነ ይከብዳል። ባሱ መጥቶ ረጭ አድርጎ ሲስት ወዲያው ዘንግህን አትንጠቅ። ክብደቱ እስኪሰማህ ማዞርህን ቀጥል። ከሳተ ደግሞ ሁለተኛ ዘንግ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፦ ክብደት የሌለው፣ ነጭ፣ ዓሣ የሚመስል ለስላሳ ፕላስቲክ። ረጨት ያለበት ቦታ ላይ ጣለውና ቀስ ብሎ ይስመጥ። የሳተው ዓሣ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ እየዞረ ነው።

ከላይ እንቢ ካለ በቀጥታ ከላዩ ላይ ሆነህ ታወርድበታለህ። ድሮፕ ሾት ላኒየር ላይ በጣም የታወቀ ነው። ክብደቱ ከታች ይሆናል፣ መንጠቆው ከክብደቱ አንድ ጫማ ወይም ጫማ ተኩል ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ መንጠቆው ላይ አራት ኢንች ገደማ የሆነ ቀጭን ትል ወይም ትንሽ ዓሣ መሳይ ፕላስቲክ ይደረጋል። ብዙ ሰው ድሮፕ ሾት ማለት ክብደቱን መሬት አስነክቶ ማነቃነቅ ብቻ ይመስለዋል። ውሃ መሃል ለቆመ ዓሣ ግን ክብደቱ መሬት መንካት የለበትም። ከዓሣው በላይ አቁመው። እጅህን ብዙ አታንቀጥቅጥ፤ የጀልባዋ መወዛወዝ ብቻውን ያንቀሳቅሰዋል።

እዚህ ላይ ሶናርህ በጣም ይጠቅምሃል። ማጥመጃህ ከትራንስዲዩሰሩ (ጨረሩን ከሚልከው የሶናሩ ክፍል) አጠገብ ከወረደ ስክሪኑ ላይ ወደ ታች እየሰመጠ የሚሄድ ቀጭን መስመር ይሠራል። ጀልባዋ ስትቆም ባለበት የቆመው ዓሣ አግድም መስመር ሆኖ ይታያል። መስመርህ ከዓሣው ሦስት ወይም አራት ጫማ ሲቀረው አቁም፣ ከዚያ የዓሣውን መስመር ተመልከት። ወደ ላይ መታጠፍ ከጀመረ አይቶታል። አሁን የሚመጣብህ ፈተና ዝቅ አድርጎ መጠበቅ ነው። እንዳታደርገው። እየተነሳ ባለ ዓሣ ላይ ማጥመጃ ሲወርድበት ዓሣው ይመለሳል፤ ትንሽ ዓሣ ወደሚያሳድደው ትልቅ ዓሣ አይሄድምና። አንተ ሪሉን ቀስ ብለህ አዙር፣ ይሽሽለት። ዓሣው እስከ 15 ጫማ ድረስ ተከትሎ መጥቶ ሲይዝ ታያለህ። ተከትሎ ከቆመ ደግሞ አንድ ጊዜ ፈጠን አድርገህ ሁለት ጫማ አንሳው። ብዙ ጊዜ የሚወስነው ያኔ ነው።

ዓሦቹ በቀጥታ ሄሪንጉ ሥር ቆመው ከሆነ ከድሮፕ ሾት ይልቅ ዳሚኪ የሚባለውን እመርጣለሁ። ሩብ አውንስ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ላይ ሦስት ኢንች ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ዓሣ መሳይ ፕላስቲክ ታደርጋለህ። ምስጢሩ አግድም መንጠልጠሉ ነው። ቋጠሮውን መንጠቆው ቀለበት ላይ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ከዚያ በእጅህ አንጠልጥለህ እይ። አፍንጫው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካለ አስተካክል። ይህን ማጥመጃ ምንም አታድርገው። ዝም ብለህ ያዘው። ለጀማሪ በጣም የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው፣ የሚሠራው ግን እሱ ነው። ዓሣ በያዝክ ቁጥር፣ ፕላስቲኩም ሲንሸራተት፣ ቋጠሮውን እንደገና ወደ ቦታው መልስ።

ወርውሮ መጎተት የሚመጣው ዓሦቹ ሲበታተኑ ወይም ጀልባዋን ሲሸሹ ነው። ስዊምቤይት የሚባለውን፣ ጅራቱ የሚወዛወዝ ዓሣ መሳይ ማጥመጃ ወርውር፣ ቁጠር፣ በአንድ ፍጥነት ቀስ ብለህ አምጣ። ፈጥነህ ከጎተትክ ወደ ላይ ይወጣብሃል፤ ዘንግህን ወደ ውሃው ዝቅ አድርገህ ያዝ። የመጀመሪያውን ውርወራ ከዓሣው በላይ፣ የሚቀጥለውን ሁለት ሴኮንድ ጨምረህ፣ እንዲያ እያልክ ወደ እነሱ ቅረብ። አንድ ዓሣ ሲመታ የቆጠርከው ቁጥር ያን ጠዋት የምትሠራበት ቁጥር ነው።

ፎል ላይ ውሃው ሲቀዘቅዝ መንጋው ተጠጋግቶ ይሰበሰባል፤ ያኔ ማንኪያ የመሰለውን የብረት ማጥመጃ አውጣ። ከመንጋው በላይ አንስተህ ልቀቀው። የሚመታው ሲወድቅ ስለሆነ ክሩን ዓይንህ አይልቀቀው። ዊንተር ላይ ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ጎትተህ ስታቆመው እዚያው ውሃ መሃል የሚቆም ጀርክቤይት አለ። ሁለት ጊዜ ነቅነቅ፣ ከዚያ አምስት፣ አንዳንዴ አሥር ሴኮንድ ጠብቅ። አምስት ማጥመጃ በአንድ ላይ የሚይዘው፣ ጃንጥላ የመሰለው አላባማ ሪግም የተሠራው ለእንዲህ ያለ ዓሣ ነው ማለት ይቻላል። በ2011 ፖል ኢላያስ አላባማ ውስጥ ገንተርስቪል ሐይቅ ላይ ትልቅ ውድድር አሸንፎበት ነው ዓለም ያወቀው። አንድ ዓሣ ሳይሆን አንድ መንጋ ይመስላል፤ ውሃ መሃል የቆመ ባስ የሚጠብቀው ደግሞ መንጋ ነው። ከባድ ዘንግ ይፈልጋል፣ ክንድም ያደክማል፤ ለአሁኑ አያስፈልግህም።

ክርን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ጥርት ባለ ውሃ ቀጭን ክር ልዩነት ያመጣል። ለድሮፕ ሾትና ለዳሚኪ ዋናውን ክር 10 ፓውንድ ብሬይድ (የተጎነጎነ ክር) አድርግ፣ ጫፉ ላይ ስምንት ወይም አሥር ጫማ የሆነ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ ብዙ የማይታይ ክር) ቀጥልበት። ለቶፕዋተር ግን ፍሎሮካርቦን አትጠቀም፤ ይሰምጣል፣ የማጥመጃውንም አፍንጫ ወደ ታች ይጎትታል። እዚያ ላይ ሞኖ (ተራው የናይለን ክር) ይሻላል።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዝልኝ ወደምፈልገው ልሂድ። ውሃ መሃል የቆመ ዓሣ መያዝ ስትጀምር በጥልቁ ያለ ዓሣን ወደ ላይ እያወጣህ ነው። ባስ አየር የሚይዝ ፊኛ ሆዱ ውስጥ አለ፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው በሱ ነው። ያ ፊኛ ወደ ውጭ ቶሎ የሚያስተነፍስበት ቀዳዳ የለውም። 33 ጫማ ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ገጽ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከ33 ጫማ የወጣ ዓሣ ፊኛው ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሰፋል። ሆዱ ይነፋል፤ አንዳንዴ ጨጓራው ተገልብጦ ጉሮሮው ላይ ይታያል። ስትለቀው በጎኑ ይንሳፈፋል፣ መስመጥ ያቅተዋል፣ በ30 ዲግሪ ውሃ ላይ ፀሐይ እየመታው ይሞታል። «ለቀቅኩት» ብለህ ስትሄድ ከኋላህ ነው የሚሞተው።

መፍትሔ አለው። ዓሣውን ጀልባ ውስጥ አታቆየው፤ ፎቶ ካስፈለገ አንስተህ ወዲያው መልሰው። በጭንቅላቱ ወደ ታች አድርገህ ገፋ አድርገህ ልቀቀው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ዓሣን በክብደት ወደ ታች አውርዶ የሚለቅ መሣሪያ አለ። መንጋጋውን ይይዝና በመረጥከው ጥልቀት ላይ በራሱ ይከፈታል። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ጀልባህ ላይ ይኑር። በአፉ የወጣውን ነገር ግን በፍጹም እንዳትወጋው፤ ጨጓራው ነው እንጂ ፊኛው አይደለም። በመርፌ ማስተንፈስ የሚችሉ ሰዎች አሉ፣ ግን ቦታውን የሚያውቅ ሰው በአካል ሳያሳይህ አትሞክረው። ዓሣው በጣም ከተጎዳና መጠኑም ሕጉ የሚፈቅደው ከሆነ ደግሞ ወደ ቤት ውሰደውና ብላው። የጆርጂያ ፈቃድህና የሐይቁ የመጠን ገደብ ስልክህ ላይ ይኑር፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ፈቃዱ ግዴታ ነው። ዓሦቹ ከ40 ጫማ በታች ወርደው ከሆነ ደግሞ እኔ አላወጣቸውም። ሁለት ሦስት ይዤ እበላለሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።

ስለ ላይቭ ስኮፑ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። ጥሩ መሣሪያ ነው። ዓሣው ወደ ማጥመጃህ ሲመጣ እዚያው በዚያው ታያለህ፣ ካለህበት ራቅ ያለውንም ያሳይሃል። ነገር ግን ከነስክሪኑ ብዙ ሺህ ብር ሳይሆን ብዙ ሺህ ዶላር ነው። በዚያ ላይ ማጥመጃውን በትክክለኛው ጥልቀት ማቆምን ያልተማረ ሰው ዓሣ ሲመለስበት ከማየት ሌላ አያተርፍበትም። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ መጀመሪያ በጂፒኤስ አንድ ቦታ ላይ የሚያቆም ትሮሊንግ ሞተር ግዛ። ነፋስ እየገፋህ 25 ጫማ ላይ ማጥመጃ ማቆም አይቻልም። በቅዳሜ የምትወጣ ከሆነ ያ 60 ጫማ ያለው ቦታህ ላይ በቀጥታ አትሂድበት። ርቀህ ቁም፣ ሴንሲቲቪቲውን ከፍ አድርገህ የዛፎቹን አናት ፈልግ፣ ጥልቀቱን ጻፍ። ቶፕዋተሩን አምስት ስድስት ጊዜ ወርውር። እንቢ ካለህ ዳሚኪውን ከዛፉ አናት አሥር ጫማ ከፍ አድርገህ አቁምና እጅህን አታንቀሳቅስ።